እንግዳ ለቁርስ ከጠራችሁ ሥራውን ማታ ጨርሱት

እሁድ ረፋድ እንግዳ ካለባችሁ ጠዋት መጥበሻ ላይ ቆማችሁ ዳቦ ስታገላብጡ አትዋሉ። ፍሬንች ቶስቱን (እንቁላልና ወተት ውስጥ ተነክሮ የሚበስለውን ዳቦ) ቅዳሜ ማታ አዘጋጅታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት።

ዋናው ነገር ዳቦው ነው። ትኩስ ዳቦ ወተት ሲጠጣ ይፈራርሳል፤ አንድ ቀን ያደረ፣ ደረቅ ያለ ይሻላል። ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡና ቅቤ የተቀባ የኦቨን ትሪ ላይ ደርድሩት። 8 እንቁላል፣ 3 ኩባያ ወተት፣ ትንሽ ስኳር፣ ቀረፋና ቁንጥር ጨው አንድ ላይ መትታችሁ አፍስሱበት። እኔ የተፈጨ ኮረሪማም እጨምራለሁ፤ ጅማ ተቀምጦ በኮረሪማ መሰሰት አይሆንም! ቁራሾቹን በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አድርጋችሁ አንዴ ገልብጧቸው። መሃላቸው ድረስ መራስ አለባቸው። ከዚያ ከድናችሁ አሳድሩ።

ጠዋት ትሪውን ቀደም ብላችሁ አውጡት። በተለይ የብርጭቆ ከሆነ ከፍሪጅ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን ሲገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። በ180 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። መሃሉ ላይ ቢላ ሰክታችሁ ስታወጡት እርጥብ እንቁላል ካልያዘ በስሏል። ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላም ይደርሳል። ማሩን ግን ገበታ ላይ አቅርቡት፣ ሁሉም እንደ ልኩ ያፍስስበት።

መብራት ከጠፋ አትደንግጡ። ያንኑ የራሰ ዳቦ ጋዝ ላይ፣ በለስላሳ እሳት፣ ከድናችሁ ጥበሱት።