ባትሪው ወይስ ማሳው? የተጎታች ቤት የ12 ቮልት ችግርና መፍትሄ

ተጎታች ቤትን ቋሚ መኖሪያው ያደረገ ሰው በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ችግር ሲገጥመው የሚያሰማው ቅሬታ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሌሊት የማሞቂያው ማራገቢያ ይነሳና እሳቱ ሳይቀጣጠል ይቆማል፤ አምፖሎቹ ይፈዛሉ፤ የውሃው ፓምፕ እያቃሰተ ይሠራል፤ በጋዝ እንዲሠራ የተደረገው ፍሪጅም የስህተት ምልክት አሳይቶ ይጠፋል። የሁሉም ድምዳሜ «ባትሪው ሞቷል» የሚል ነው። ለዚህ ጥገና በተጠራሁባቸው ቦታዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ያገኘሁት ጥፋተኛ ባትሪው ሳይሆን የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው አንድ ቡሎን ነው፤ ኃይሉ በሻንሲው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ይህ መንገድ «ማሳ» ይባላል። ፊውዝ ማየትን፣ የሞርሴቶን (በባትሪው ምሰሶ ላይ የሚታሰረውን መያዣ) መላላት መፈተሽንና ሲሊንደሩ ውስጥ ጋዝ መኖሩን ማረጋገጥን አንባቢው እንደሚያውቅ ስለምገምት ወደ እነሱ አልመለስም።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መለየት ይኖርበታል። ውጭ ቆመው የተጎታች ቤቱን በር ወይም ደረጃ ሲነኩ እጅዎን የሚነዝርዎት ከሆነ ችግሩ ከዚህ በታች የተጻፈው አይደለም። የውጭው ኤሌክትሪክ የመሬት መስመር ተቋርጦ ኃይል ወደ ብረቱ አካል እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ብረቱን ሳይነኩ የማረፊያውን ብሬከር ያጥፉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያም ይጥሩ። ይህ ሰው የሚገድል ችግር ነው።

ምልክቶቹን አንድ ላይ ማየት

የማሳ ችግር ራሱን በሦስት ነገሮች ያጋልጣል። አንደኛ፣ ተጎታች ቤቱ ከውጭ ኤሌክትሪክ ጋር ሲገናኝ ሁሉም ነገር በደንብ ይሠራል፤ ሶኬቱ እንደተነቀለ ግን ሁሉም ነገር ይደክማል። ምክንያቱም የውጭውን ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት የሚለውጠው ኮንቨርተር ከፊውዝ ሳጥኑ አጠገብ ስለሚቀመጥ ለአምፖሎቹና ለማሞቂያው የሚልከው ኃይል በተበላሸው ቡሎን ማለፍ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ መኪናው ተገናኝቶ ሳለ ይሠራ የነበረው መስመር መኪናው ሲፈታ ይሞታል። መኪናው በማገናኛ ሶኬቱ በኩል የራሱን ፖዘቲቭና የራሱን ማሳ ስለሚያመጣ የተበላሸው መገጣጠሚያ ለጊዜው ይሸፈናል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚያሳስተው ምልክት ደግሞ አዲስ ባትሪ ሲገባ ችግሩ ለጥቂት ሳምንታት መጥፋቱና ከዚያ መመለሱ ነው።

ይህን ሦስተኛውን ያልተረዳ ሰው ባትሪ ሻጭን ሲያበለጽግ ይኖራል። አዲሱ ባትሪ ተሞልቶ ስለሚመጣ መጀመሪያ ላይ ጉልበት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ኃይል ከባትሪው ሲወጣ የሚያልፍበት መገጣጠሚያ ኃይል ተመልሶ ሲገባም የሚያልፍበት ያው መገጣጠሚያ ነው። ኮንቨርተሩ 14.4 ቮልት እየላከ ባትሪው ላይ የሚደርሰው 13.2 ከሆነ፣ የሊድ አሲድ ባትሪ በወጉ ሳይሞላ ይኖራል፤ ሳይሞላ የኖረ ሊድ አሲድ ደግሞ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየጠነከረበት በእርግጥም ይሞታል። ስለዚህ ባለቤቱ «ባትሪው ሞቷል» ሲል በመጨረሻ እውነቱን ነው፤ ገዳዩን ግን አላየም።

አንድ ባልና ሚስት በአንድ ክረምት ሁለት ባትሪና የማሞቂያ ሰርኪዩት ቦርድ ቀይረው፣ ማሞቂያውን በሙሉ ሊያስነቅሉ ሲሉ ጠሩኝ። ማሞቂያው ምንም አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ማሞቂያ ውስጥ የአየሩን ፍሰት የሚለካ ትንሽ ማብሪያ አለ፤ ማራገቢያው በቂ አየር ካልገፋ ማብሪያው መስመሩን አያገናኝም፣ መስመሩ ካልተገናኘ ደግሞ ለደህንነት ሲባል ጋዙ አይከፈትም። ቮልቱ ሲወርድ ማራገቢያው ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ፍጥነቱ ግን አይበቃም። ከተጎታች ቤቱ ስር ተኝቼ ባትሪ ሳጥኑ አጠገብ ያለውን ቡሎን በእጄ ሳዞረው ያለ ቁልፍ ዞረ፤ ከቀለበቱ ስር የፋብሪካው ጥቁር ቀለም እንዳለ ነበር፣ በጠርዙ ዙሪያም አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ተከምሯል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ይህን ፋብሪካው የማያውቀው ሆኖ አይደለም፤ ቀለም ለመፋቅ የሚፈጀውን ደቂቃ መቆጠብ ስለፈለገ ነው።

በመለካት ማረጋገጥ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ተራ ቴስተር ነው፤ የሚለካው ግን ቮልት እንጂ ኦም አይደለም። ቴስተሩ ኦም ሲለካ የሚልከው ኃይል እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ከብዙ ክሮች አንዱ ብቻ የቀረው ገመድ እንኳ «ጤነኛ» ሆኖ ይነበባል። መገጣጠሚያ የሚፈተነው ጭነት ተሸክሞ ሳለ ነው።

የውጭውን ኤሌክትሪክ ይንቀሉ፣ መኪናውን ይፍቱ፣ የሶላሩንም መስመር ያቋርጡ። ባትሪው ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ቮልቱን ይለኩ፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ወደ 12.6 ወይም 12.7፣ ግማሽ ሲሆን ደግሞ ወደ 12.2 ያነባል። ከዚያ የማሞቂያውን ማራገቢያ ያስነሱ። ማራገቢያው እየዞረ ሳለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ማለትም በሞርሴቶው ሳይሆን በእርሳሱ ራሱ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ደግሞ በተፋቀ የሻንሲ ብረት ላይ ያሳርፉ። ንባቡ ከ0.1 ቮልት ካልበለጠ ማሳው ጤነኛ ነው። ከ0.2 በላይ ከሆነ ሥራ አለ። ከ1 ቮልት በላይ ከሆነ ሌላ ነገር ሳይገዙ ከተጎታች ቤቱ ስር ይግቡ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በምሰሶዎቹ ላይ 12.4 ቮልት እያለ ማሞቂያው ጋ የደረሰው 10.9 ብቻ ነበር። የጠፋውን 1.5 ቮልት ስፈልግ በፖዘቲቩ መንገድ 0.2፣ በኔጌቲቩ መንገድ ደግሞ 1.3 አገኘሁ። ማራገቢያው 8 አምፔር ያህል ስለሚስብ ያ አንድ ቡሎን ከ10 ዋት በላይ ኃይል ወደ ሙቀት እየለወጠ ነበር ማለት ነው። በእርግጥም ሲነኩት ይሞቃል። ብዙ ጊዜ ያለ ቴስተርም ቢሆን ችግሩን በጣት ማግኘት የሚቻለው ለዚህ ነው፤ ሆኖም ከሙቀት ጋር የቀለጠ ፕላስቲክ ካዩ በጣት አይሞክሩ።

ጥገናው

መጀመሪያ የሶላሩን ፓኔል ከመቆጣጠሪያው ይለዩ፤ ፓኔሉ ኃይል እየሰጠ ባትሪው ቢነቀል መቆጣጠሪያው ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ በቅድሚያ፣ ፖዘቲቩን በኋላ ይንቀሉ፤ ሲመልሱ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያመነጭ የባትሪው ሳጥን ክፍት ይሁን፣ ዓይንዎም በመነጽር ይሸፈን። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ።

አሮጌውን ቡሎን ካወጡ በኋላ የሻንሲውን ብረት ከገመዱ ቀለበት ሰፋ አድርገው፣ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁ። ፋብሪካው የተጠቀመው ብረቱን ራሱ እየበሳ የሚገባ ብሎን ከሆነ አይመልሱት። ቀጭኑ ብረት ውስጥ የሚይዘው ጥርስ ጥቂት ስለሆነ መንገዱ እያንቀጠቀጠ ያላላዋል። በምትኩ ከወዲያ ወዲህ የሚያልፍ ቡሎን፣ ከኋላው ዳዶ፣ ከቀለበቱ ጋር ደግሞ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ይጠቀሙ። የነበረውን ቀዳዳ መጠቀም ከሁሉ ይሻላል። አዲስ መብሳት ግድ ከሆነ የሻንሲውን የላይኛውንም ሆነ የታችኛውን ጠርዝ አይብሱ፤ ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ከሚበሱት ብረት ጀርባ የጋዝ ቧንቧ ወይም የፍሬን ሽቦ አለመኖሩን ሳያዩም መሰርሰሪያ አያስነሱ።

የገመዱን ጫፍ በተመለከተ ትዕግሥቴ አጭር ነው። በገበያ የሚሸጡት ስስ ቀለበቶች በፒንሳ ሲጨመቁ የያዙ ይመስላሉ፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ግን ገመዱ ውስጣቸው ይሽከረከራል። ቆርቆሮ የተቀባ ወፍራም የመዳብ ቀለበት ገዝተው በተገቢው መጭመቂያ ያስጨምቁ፣ አንገቱንም ውስጡ ሙጫ ባለው፣ በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ ይሸፍኑ። ገመዱን ከመጨመቅዎ በፊት ጫፉን ልጠው ይዩ። መዳቡ ጠቁሮ ከተገኘ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ዘልቋልና ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ይቁረጡ፤ ንጹሕ መዳብ ካልመጣ ገመዱን በሙሉ ይቀይሩ። የኔጌቲቩ ገመድ ከፖዘቲቩ አይቅጠን። ግራሶ ወይም መከላከያ ቀለም የሚቀባው ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ከላይ ነው። በመገጣጠሚያው መካከል ቀለም ቀብቶ የሚያስር ሰው የፋብሪካውን ስህተት በገዛ እጁ ይደግመዋል።

ማራገቢያውን አስነስተው እንደገና ይለኩ። ከ0.1 ቮልት በታች ካልሆነ ሥራው አላለቀም። ኔጌቲቩ ከተስተካከለ በኋላም ማሞቂያው ጋ የሚደርሰው ቮልት ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ከባትሪው አጠገብ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ብሬከር ነው። ለዝናብና ለጭቃ ተጋልጦ ስለሚኖር ሁለቱ ዳዶዎቹ ይዝጋሉ። እሱን ከማጽዳት መቀየር ይቀላል፤ አምፔሩ ግን ከነበረው አይብለጥ።

ፍሬኑን አይርሱ

ይህን ማሳ የሚጠቀሙት አምፖልና ማሞቂያ ብቻ አይደሉም። በብዙ ተጎታች ቤቶች የኤሌክትሪክ ፍሬኑም የሚመለሰው በሻንሲው በኩል ነው። እያንዳንዱ የፍሬን ማግኔት ወደ 3 አምፔር ይስባል፤ ባለ ሁለት አክስል ተጎታች አራት ማግኔት ስላለው በአንድ ጊዜ ወደ 12 አምፔር ይፈልጋል። የማገናኛ ሶኬቱ ኔጌቲቭ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቡሎን ከዛገ፣ መኪናው ውስጥ ያለው የፍሬን መቆጣጠሪያ ሙሉ ኃይል እየላከ እንደሆነ ያሳያል፣ ተጎታቹ ግን ቁልቁለት ላይ ከኋላ ይገፋል። አንድ ደንበኛ ይህን እየነገረኝ መኪናው «ከብዶት» እንደሆነ አስቦ ለወራት ነድቶ ነበር። ፍሬኑ ሲደክም ከማንኛውም የቤት ውስጥ ሥራ በፊት ይህን ቡሎን ይክፈቱ፣ እስኪስተካከልም አይንዱ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ሳይነካ ያረፈ ባትሪ 10.5 ቮልት አካባቢ የሚያነብ ከሆነ ከስድስቱ ክፍሎቹ አንዱ ሞቷል፤ ባትሪው ይጣል።

ባትሪ ከተቀየረ በኋላ ኮንቨርተሩ መሙላት ካቆመ ገመዶቹ ለቅጽበት ተገልብጠው ታስረው ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የተቀመጡትን ፊውዞች በኮንቨርተሩ ላይ ይፈልጉ።

ተጎታቹ ከመኪና ቢለይ ፍሬን የሚይዘው የአደጋ ማብሪያ ፒኑ ተነቅሎ ከተረሳ፣ ማግኔቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ይጠጡታል።

የሊቲየም ባትሪ በብርድ «ዜሮ» ቢያነብ ብዙውን ጊዜ ውስጣዊ መከላከያው ራሱን ዘግቶ ነው። ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይሞላ፤ በግድ የሚሞላው ሰው ያበላሸዋል።

ከፍሪጁ በኩል የአሞኒያ ሽታ ከመጣ ነገሩ ኤሌክትሪክ አይደለም። ፍሪጁን አጥፍተው መስኮቶቹን ከፍተው ይውጡ።

ቮልቱ ሙሉ ሆኖ ማሞቂያው አሁንም ካልተቀጣጠለ የአየር ማብሪያው በአቧራና በቤት እንስሳ ፀጉር ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ይጽዳ እንጂ በሽቦ ተሻግሮ አይታለፍ።

ማሳው ከተስተካከለ በኋላ አሮጌውን ባትሪ ወዲያው አይጣሉት። ለሊድ አሲድ በተስተካከለ ቻርጀር ሙሉ እስኪሆን ይሙሉት፣ ሌሊቱን ምንም ሳይገናኝ ያሳርፉት፣ ጠዋት ይለኩት። 12.6 አካባቢ ከያዘና የማሞቂያውን ማራገቢያ ለአንድ ሰዓት ተሸክሞ ከ12.2 በታች ካልወረደ ገና ይሠራል። ሙሉ ተሞልቶ አድሮ ከ12.4 በታች ከተገኘ ያኔ አዲስ ባትሪ ይግዙ።