ታክሲና ደሞዝ ያፈረሱት ፍቅር፦ ላጤዎች ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔ የምኖረው አያት ሰፈር ነበር፤ እሷ ጀሞ። የተዋወቅነው የጓደኛችን ልደት ላይ ነው። የዚያን ቀን «ሰፈርሽ የት ነው?» ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ መልሷን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ከአያት ሜክሲኮ በባቡር፣ ከሜክሲኮ ጀሞ በታክሲ። ማታ ሲሆን ሰልፉ ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስድስት ወር ሳይሞላን ተለያየን። ተጣልተን አይደለም፤ ደክሞን ነው። ሌላው ላጤ እንዳይደግማቸው የምፈልጋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ርቀቱን ንቆ መጀመር

«ከተዋደድን መንገድ ምን ያደርገናል?» እንላለን። አዲስ አበባ ላይ መንገድ ብዙ ያደርጋል። ኮንዶሚኒየም የሚደርሰው በዕጣ ነው። ለቤተሰቧ ቱሉ ዲምቱ ከወጣላቸው እሷም ቱሉ ዲምቱ ናት። ተከራዩም ቢሆን ኪራይ ሲጨምርበት ወደ ዳር ይገፋል።

የእኔ ጥፋት ሁልጊዜ እኔ ብቻ መመላለሴ ነው። ወንድ ልጅ «ግማሽ መንገድ ነይልኝ» ማለት የሚያሳፍረው ይመስለኝ ነበር። አሁን ብሆን ቅዳሜ ጠዋት ሜክሲኮ እንገናኝ እላለሁ። ሰልፍ የለም፣ ሁለታችንም ሳይመሽብን እንገባለን። ማታ 12 ሰዓት ቀጥሮ 2 ሰዓት ተኩል ላይ «በይ ቻው» የሚል ሰው ደግሞ ልጅቷ በምን እንደምትገባ አላሰበም። ማታ የምትቀጥሯት ከሆነ የመመለሻዋን ታክሲ አብራችሁ አስቡ።

ኪስን መደበቅ

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። ደሞዝ በወጣ ሰሞን ቦሌ ካፌ ወሰድኳት። ወሩ ሊያልቅ ሲል ደግመን ሄድን። ሜኑውን ስትገልጥ ዓይኔ ዋጋው ላይ ነው። እሷ ጁስ አዘዘች፤ እኔ «ጠግቤያለሁ» አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ የበላሁት አንድ ፓስቲ ነበር። ከዚያ በኋላ ወር መጨረሻ በደረሰ ቁጥር ስልክ ማንሳት ተውኩ።

ከተለያየን በኋላ አንድ ቀን ተገናኘንና ነገርኳት። «ብትነግረኝ ኖሮ ወክ እናደርግ ነበር እኮ» አለችኝ። «እኔ እኮ የሰለቸሁህ መስሎኝ ነው።»

«ደሞዝ እስኪወጣ ሻይ እንጠጣ» ማለት ምን ነበረበት? ብርጭቆ ሻይ የምትንቅ ሴት ከሆነች ቶሎ ማወቁ ይሻላል። ሴቶችም ብትሆኑ ሰውን በመጀመሪያው ቀን ሂሳብ አትመዝኑት። የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አንዳንዴ እናንተ ክፈሉ።

ውጭ ያለ ሰው ዶላር ያፍሳል ብሎ ማሰብ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲቀየር በባንክ 5,700 ብር ገደማ የነበረው 100 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ10,000 ብር አለፈ። እዚህ ላለው ሰው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለላኪው ግን ያው 100 ዶላር ነው፤ የቤት ኪራዩም አልቀነሰለትም። አሜሪካ ያለ ጓደኛችሁ ብር ካላከ አልወደደኝም አትበሉ። ዋሽንግተን ማታ 12 ሰዓት ከሥራ ሲወጣ አዲስ አበባ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፤ በብርዳቸው ወራት ደግሞ 8። ደክሞት ሳለ ቁጭ ብሎ የሚያወራችሁ ሰው የሰጣችሁን ቁጠሩለት።

ፕሮሰሱን ሳይጠይቁ ቀለበት ማሰር

የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ ጥንዶቹ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል እንዲገናኙ ይጠይቃል። ከገቡ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ መጋባት ግድ ነው። የጠሪው ገቢም ይመረመራል። ስለዚህ «ማን ወደ ማን ይሄዳል? የአውሮፕላኑን ትኬትስ ማን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይነሳ።

ደሞዝን ሙሉ በሙሉ ለእጮኛ መላክ

ይሄን የምጽፈው እያመመኝ ነው። የማውቃት ልጅ ማዳም ቤት የሠራችበትን የሁለት ዓመት ደሞዝ አገር ቤት ለሚጠብቃት ሰው ላከች። «ቦታ ገዝተናል» ይላት ነበር። ስትመለስ ካርታው በእናቱ ስም ነው። ስትጠይቀው ተቆጣ።

ቤይሩትም ሪያድም ያላችሁ እህቶቼ፣ ገንዘባችሁን በራሳችሁ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር አስቀምጡ። ለሠርግ የሚሆነው እዚያው ይጠራቀም። እሱም ካለው ላይ በራሱ ደብተር ያስቀምጥ። የሚወዳችሁ ሰው በዚህ አይቀየምም።

ልጅቷ ተመልሳ ሄዳለች፤ አሁን ዱባይ ናት። ደብተሩ በስሟ ነው። አዲስ የተዋወቀችው ልጅም አለ። ማዳሟ ስልክ የምትፈቅድላት ሐሙስ ማታ ብቻ ነው፤ እሱም ሐሙስን ጠብቆ ይደውላል።