ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ፦ የአዲስ አበባ ዙሪያ ወፎች የዓመት ቆጠራ

የወፍ ዓመታዊ ቆጠራ ሕጉ ቀላል ነው። አንድ አካባቢ ትመርጣላችሁ፤ በዓመቱ ውስጥ እዚያ ያያችሁትን እያንዳንዱን ዝርያ መጀመሪያ ካያችሁበት ቀን ጋር ትመዘግባላችሁ። ርግብ መቶ ጊዜ ብታዩ በዓመቱ ዝርዝር ላይ አንድ ናት። በወጣችሁ ቁጥር የምትይዙት የዕለት ማስታወሻ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ርግቧም በየጊዜው ከነብዛቷ ትገባለች። ብዙ ጀማሪ ሁለቱን ያደባልቅና ዓመቱ ሲያልቅ የስም ዝርዝር ብቻ ይዞ ይቀራል። ያ ዝርዝር ወፉ መቼ መጣ፣ መቼ ሄደ፣ ከዓምናው በዛ ወይስ አነሰ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

ቆጠራውን በመስከረም መጀመር የሚሻለው አዲስ ዓመት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ረግረጉ ሞልቷል፣ ሣሩ ዘር ይዟል፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች መድረስ ጀምረዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአገሬው ወንድ ወፎች በዓመቱ ምርጥ ላባቸው ላይ ናቸው።

የመስቀል ወፍን እንይ። በዓመት አንዴ ከአደይ አበባ ጋር ብቅ ትላለች ይባላል፤ ነገር ግን ይህን ስም የምንሰጣቸው ወፎች ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። ሌላ ጊዜ ቡናማ፣ ጭረት ጭረት ያለባቸው፣ ድንቢጥ የሚመስሉ ስለሆኑ ማንም ልብ አይላቸውም። ክረምቱ ሲገባ ወንዶቹ ላባ ይቀይራሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ሦስቱን ፈልጉ። የሎ ቢሾፕ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ከወገቡ በታች ያለው ደማቅ ቢጫ ነው፤ ሲበር ቢጫው ብልጭ ይላል። ዊዶውበርድ ጥቁር፣ ረጅም ጅራት ያለውና ከአናቱ እስከ አንገቱ ቀይ የሆነው ነው። ፒን ቴይልድ ዋይዳ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ምንቃሩ ቀይ፣ ጅራቱ አራት ረጃጅም ቀጭን ላባዎች ናቸው። ሦስቱንም በመስከረምና በጥቅምት ካልያዛችሁ ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ ቡናማ ለብሰው እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ያኔ መለየት ለልምድ ላለውም ፈተና ነው። ስለዚህ ባለቀለሙን ወንድ ስታገኙ ወዲያው አትለፉ። አጠገቡ ያሉትን ቡናማ ሴቶች አሥር ደቂቃ ተመልከቷቸው፦ የምንቃሩ ውፍረት፣ ከዓይን በላይ ያለው መስመር፣ የደረት ጭረት። በበጋ የምትፈልጉት እውቀት ይኸው ነው።

አካባቢውን መወሰን

ወሰኑን ከመስከረም 1 በፊት ጻፉትና በመሀል አትቀይሩት። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ጥሩ ወሰን ከመስቀል አደባባይ በ30 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ክብ ነው። እንጦጦ፣ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል፣ የሱሉልታ ሜዳ፣ የገፈርሳ ግድብና አባ ሳሙኤል ይገቡበታል። ቢሾፍቱ ውጭ ትቀራለች። እዚያ ያለውን የጨለለቃ ሐይቅ ዳክዬዎችና ፍላሚንጎዎች የምትፈልጉ ከሆነ ክቡን ከመጀመሪያው 50 አድርጉት፤ በየካቲት ዝርዝሩ አነሰ ብሎ ወሰን ማስፋት ቆጠራውን ከሚቀጥለው ዓመት ጋር እንዳይነጻጸር ያደርገዋል።

በክቡ ውስጥ አንድ ቋሚ መንገድ ይኑራችሁ። ርዝመቱ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ ከቤት በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስ፣ ቢያንስ በ15 ቀን አንዴ የምትሄዱበት። የቆዩ ጽዶችና ወይራዎች ያሉበት የቤተ ክርስቲያን ግቢ በከተማው ውስጥ ከሚገኙት ሁሉ ይበልጣል፤ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ አስፈቅዳችሁ ግቡ። የባሕር ዛፍ ጫካ ሰፊ ቢሆንም ወፉ ጥቂት ነው። እንጦጦ ላይ ቀኑን ሙሉ በባሕር ዛፍ መሀል ከመዞር አንድ የጽድ ቁጥቋጦ አጠገብ ግማሽ ሰዓት መቆም የበለጠ ያስገኛል። ሾላ ሲያፈራ ሶረኔ እና ብላክ ዊንግድ ላቭበርድ የምትባለው ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ይመጣሉ፤ የላቭበርድ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ቀይ የላትም።

መሣሪያና ሰዓት

ባይኖኩላር 8×42 (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ 10 እጥፍ ያጎላል፤ የሚያሳየው ሜዳም ጠባብ ስለሆነ በቅጠል መሀል የምትዘል ትንሽ ወፍን ለማግኘት ያስቸግራል። መጀመሪያ አስተካክሉት፦ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመሀለኛው መዞሪያ አንድ ጽሑፍ ጥርት እንዲል አድርጉ፤ ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ ያንኑ ጽሑፍ በቀኙ ቀለበት ብቻ አጥሩት። ይህን ያላደረገ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ጥፋቱንም በዕቃው ላይ ያደርጋል። መነጽር የምታደርጉ የዓይን ማሳረፊያውን ጎማ ወደ ውስጥ አስገቡት። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ የጉምሩክን ደንብ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደብተር ከእርሳስ ጋር ያዙ፤ የመስከረም ካፊያ የእስክሪብቶ ጽሑፍን ያበላሻል። ለረግረጉ ቦቲ ያስፈልጋል።

ከጠዋቱ 12:15 ላይ ቦታው ድረሱ። እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የትንንሽ ወፎች ነው። ከ4 እስከ 6 ሰዓት መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ ሲነሳ ንስርና ጥንብ አንሳ ይንሳፈፋሉ፤ ያኔ ሜዳ ላይ ተቀምጣችሁ ሰማይ ተመልከቱ። በመስከረም ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚመጣ ለሩቅ ጉዞ አትመኑት።

ሳይሳሳቱ መቁጠር

የማይንቀሳቀስ መንጋን አንድ በአንድ ቁጠሩ። ለሚበረው አሥር ቁጠሩና አሥሩ የሚይዘውን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ ያንን ስፋት በመንጋው ላይ እየደገማችሁ ሂዱ። ሰው ሲገምት አብዛኛውን ጊዜ ትልቅን መንጋ ያሳንሳል። በአንድ ቦታ ለሚዞሩ ጭልፊቶች ደግሞ በአንድ ጊዜ ያያችሁትን ትልቁን ቁጥር ጻፉ እንጂ ደጋግማችሁ ያያችኋቸውን አትደምሩ።

አንድ የማስታወሻ ምሳሌ፦

ጥቅምት 9 ቀን 2018፣ እሑድ። ገፈርሳ፣ ምዕራብ ዳር። ከ12:30 እስከ 2:00። 1.5 ኪ.ሜ። ጥርት ያለ፣ ቀላል ነፋስ።
ብሉ ዊንግድ ጉዝ 4፣ ሁለቱ ጥንድ።
ዋትልድ አይቢስ 11፣ በበረራ።
የሎ ዋግቴይል 60፣ በአሥር በአሥር፣ ከከብቶች እግር ሥር።
ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ድምፅ ብቻ፦ ያልተለየ 1።

ከቦታ እስከ አየር ጠባይ ያለው የመጀመሪያው መስመር ካልተጻፈ የቀረው ዋጋ ያጣል። «ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም፤ በግምት የገባ ስም ግን በኋላ ማንም ሊያወጣው አይችልም። በድምፅ ብቻ የታወቀ ወፍ ድምፁን በእርግጥ የምታውቁት ከሆነ ይቆጠራል፤ አጠገቡ «ድ» አድርጉ። በግቢ የሚረባ ዳክዬ፣ በቀፎ ያለ ወፍ አይቆጠርም።

ስልክ ላይ ሜርሊን የሚባለውን የወፍ መለያ መተግበሪያ መጫን ይጠቅማል፤ ከቤት ሳትወጡ ኢትዮጵያን የያዘውን የወፍ ጥቅል አውርዱ። የሚሰጠው ስም ግን ጥቆማ ነው፣ በዓይናችሁ ወይም በእርግጥ በምታውቁት ድምፅ ሳታረጋግጡት ዝርዝር ላይ አይግባ።

የሚያሳስቱት የከተማ ወፎች

ቁራ ሁሉ አንድ አይደለም። ቲክ ቢልድ ሬቨን ግዙፍ ነው፤ ምንቃሩ ወፍራምና ጫፉ ነጣ ያለ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ሰሌዳ አለው። ደረቱ ነጭ የሆነው ፓይድ ክሮው ነው። ሙሉ ጥቁር ሆኖ ጅራቱ በጣም አጭር ከሆነ፣ ሲቀመጥም ክንፉ ጅራቱን ካለፈ ፋን ቴይልድ ሬቨን ነው። ሙሉ ጥቁር፣ ምንቃሩ ቀጭን፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሄደው ኬፕ ክሮው ነው።

ርግቦችም ሦስት ናቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኘው ዋይት ኮላርድ ፒጅን ግራጫ ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ቅስት አለው፣ ሲበርም ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ቆዳ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለው ስፔክልድ ፒጅን ነው። ሦስተኛው ቀለሙ የተዘበራረቀው የቤት ርግብ ዘር ነው።

ከጥቅምት በኋላ ለጭልፊት ተጠንቀቁ። የአገሬው ምንቃር ሙሉ ቢጫ ነው፤ ከሰሜን የሚመጣው ጥቁር ምንቃርና ነጣ ያለ ራስ አለው። አንዳንድ የዝርያ ዝርዝሮች ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል። የምትከተሉትን ዝርዝር በመስከረም ምረጡ፣ ዓመቱን ሙሉም በእሱ ጽኑ፤ ማስታወሻው ላይ ግን ሁሌም ለይታችሁ ጻፉ።

ቄራ አካባቢ የሚውለው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ፣ ሁድድ ቮልቸር፣ በዓለም ደረጃ ሊጠፉ በጽኑ ከሚያሰጋቸው ወፎች አንዱ ነው። ተራ መስሎ ስለሚታይ ሰው ቁጥሩን አይጽፍም፤ እናንተ ሁልጊዜ ጻፉት።

ወራቱን መከተል

በመስከረምና በጥቅምት ዩሮፒያን ቢ ኢተር በመንጋ እየጮኸ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ጥቅምትና ኅዳር የስቴፕ ንስር ወር ነው። ታኅሣሥና ጥር ወደ ውሃ ሂዱ፦ ሾቨለርና ፒንቴይል የሚባሉት ዳክዬዎች፣ ረፍ የሚባለው የውሃ ዳር ወፍ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ኮመን ክሬን። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ የውሃ ወፎች በብዙ አገር በአንድ ሰሞን ይቆጠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሲሳተፍበት ቆይቷል፣ ጀማሪም አብሮ ቢወጣ ብዙ ይማራል።

ሁለተኛው ትልቅ ወቅት መጋቢትና ሚያዝያ ነው። ስደተኞቹ ወደ ሰሜን ሲመለሱ ወንዶቹ ቀለማቸውን ይዘዋል። በጥቅምት ደብዛዛ የነበረው የሎ ዋግቴይል አሁን አንዱ ራሱ ሰማያዊ ግራጫ፣ ሌላው ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሁሉም አንድ ዝርያ ስለሆኑ ቁጥሩ አንድ ነው፣ የራሱን ቀለም ግን ጻፉ። በዚሁ ጊዜ ዊሎው ዋርብለር የሚባለው ትንሽ ወፍ ያልፋል። እግሩ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ ጥቁር እግር ካለውና ጅራቱን ዘወትር ወደ ታች ከነቀነቀ ቺፍቻፍ ነው። አንድ ስደተኛ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን መጀመሪያ የታየበትን ያህል ይጠቅማል፤ ስለዚህ በሚያዝያ መውጣትን አታቋርጡ።

ቀንና ሰዓት ላይ የሚፈጠር ስሕተት

ብዙ የአገራችን መዝገብ የሚበላሸው ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ሲገባ ነው። ከደብተር ስትገለብጡ «1:00» ብላችሁ ካስገባችሁ ሥርዓቱ ሌሊት 7 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። ለጠዋት ሰዓት 6 ደምሩ፤ ከ12 በላይ ከሆነ 12 ቀንሱ። 12:30 ሲባል 6:30 ይሆናል። ቀኑንም ቀይሩ፦ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ 2020 ዓ.ም. ግን 2019 ጳጉሜ 6 ስለሚኖራት በሴፕቴምበር 12 ይገባል።

የኢበርድ የዓመት ዝርዝር ከጃንዋሪ 1 ስለሚጀምር የመስከረሙን ቆጠራ ለብቻው መያዝ አለባችሁ። መረጃችሁን ከድረ ገጹ አውርዳችሁ በኤክሴል በቀን ብታጣሩት ይወጣል። «ያወቃችሁትን ሁሉ አስገብታችኋል?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» የምትሉት ጭልፊቱንና ቁራውንም ከጻፋችሁ ብቻ ነው።

ፈቃድ

ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማው መጠጥ ውሃ ስለሆኑ ጥበቃ አለባቸው፤ ባይኖኩላሩን ከማውጣታችሁ በፊት ጠባቂውን አናግሩት፣ የወፍ ሥዕል ያለበት መጽሐፍም አሳዩት። በጦር ሰፈር፣ በቤተ መንግሥትና በኤርፖርት አጠገብ በፍጹም አታውጡት። ሱሉልታ ላይ የሰው እርሻና የግጦሽ መሬት ነው፤ እረኞቹን ሰላም በሉ፣ ብዙ ጊዜ ጎጆው የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጎጆ ካሳዩዋችሁ ከሩቅ አይታችሁ ቶሎ ሂዱ፤ ሰው የቆመበትን ቁራ ያስተውላል፣ እንቁላሉንም ያነሳል።

ሰኔ ሲገባ ያልተገኙትን ዝርያዎች ለይታችሁ ጻፉ። የደን ነዋሪዎቹ፣ ለምሳሌ የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ የሆነው አቢሲኒያን ካትበርድ፣ በክረምትም በድምፁ ይገኛል፤ ስደተኞቹ ግን ሄደዋልና በሐምሌ ዝናብ ውስጥ አትድከሙላቸው። ጳጉሜ ላይ ደብተሩን ከኢበርዱ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ፤ አንዱ ላይ ያለ ሌላው ላይ የሌለ ዝርያ ካለ የዕለቱን ማስታወሻ ከፍታችሁ ወስኑ፣ ማስረጃ የሌለውንም ሰርዙ። የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንሥታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።