የስበት ፍጥንጥነትን በፔንዱለም መለካት፦ በክር፣ በዳዶና በስልክ

ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ፣ ላብራቶሪ የለም ተብሎ ይህ ሙከራ መቅረት የለበትም። ትልቅ ዳዶ፣ የማይለጠጥ ቀጭን የናይለን ክር፣ የአናጢ ብረት ሜትር (የልብስ ሰፊው ይለጠጣል) እና ስልክ ይበቃሉ።

ብዙው ስህተት ሲንጠለጠል ይጀምራል። ሚስማር ላይ የተጠመጠመ ክር በተወዛወዘ ቁጥር እየተጠቀለለ ርዝመቱን ይቀያይራል። ክሩን በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላዎች መሀል አጣብቁት፤ ጣውላዎቹን ጫፋቸው ወጣ እንዳለ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ርዝመቱ የሚለካው ከጣውላው የታች ጠርዝ እስከ ዳዶው ቀዳዳ መሀል ነው እንጂ እስከ ቋጠሮው አይደለም።

ለ1 ሜትር ክር 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ሳቡ። 30 ዲግሪ ከደረሰ ፔሬዱ (የአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ጊዜ) 1.7 ከመቶ ያህል ይረዝማል። ሳትገፉ ልቀቁ፤ ክብ እየሠራ ከዞረ እንደገና ጀምሩ። በርና መስኮቱም ይዘጋ።

ከዳዶው ጀርባ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ዳዶው መስመሩን ሲያልፍ «ዜሮ»፣ በዚያው አቅጣጫ ዳግም ሲያልፍ «አንድ» ይባላል። ጫፍ ላይ አትቁጠሩ፤ እዚያ ስለሚዘገይ መቼ እንደተመለሰ ዐይን አይለይም። የ20 ውዝዋዜ ጊዜ ለ20 ይካፈላል። በ1 ሜትር 40.2 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። 38.2 ከመጣ ቆጣሪው «አንድ» ብሎ ጀምሯል፤ 19 ቆጥሮ ለ20 ስላካፈለ ጂ (የስበት ፍጥንጥነቱ፣ በሜትር በሰከንድ ስኩዌር) 10.8 ይወጣል።

በ40፣ 60፣ 80 እና 100 ሴንቲ ሜትር ሦስት ሦስት ጊዜ ለኩ። የፔሬዱን ስኩዌር በቁም፣ ርዝመቱን በሜትር በአግድም አድርጋችሁ ግራፍ ሥሩ። 39.48 (4 ጊዜ የፓይ ስኩዌር) ለስሎፑ (ለመስመሩ ተዳፋት) ሲካፈል ጂ ይገኛል። መስመሩ የቁሙን አክሲስ ከዜሮ በላይ ከቆረጠ፣ ርዝመቱ የተለካው እስከ ቋጠሮው ነው። ደግነቱ ስሎፑ አይነካም፤ በአንድ ርዝመት ብቻ ቢለካ ኖሮ ስህተቱ ጂ ላይ ያርፍ ነበር።

መጽሐፉ 9.8 ስላለ ተማሪ ቁጥሩን እንዲያስተካክል ፈጽሞ አትፍቀዱ። የአዲስ አበባ ዙሪያ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ለምድር ወገብም ቅርብ በመሆኑ የጂ ዋጋ ወደ 9.77 ነው። በ40 ሰከንድ ውስጥ የጣት መዘግየት 0.2 ሰከንድ ቢሆን ጂን በ0.1 ያዛባዋል። 9.68 ያገኘም 9.85 ያገኘም ቡድን ሲደመር ሲቀነስ 0.1 ብሎ ይጻፍ። 50 ውዝዋዜ ቢቆጠር ስህተቱ ወደ 0.04 ይወርዳል፤ ያኔ ግን ርዝመቱም በሚሊ ሜትር ደረጃ መጠንቀቅ ይፈልጋል።