ፉል አልበስል፣ አልጣፍጥ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ባቄላ መልቀምን፣ ማጠብንና ዘፍዝፎ ማሳደርን ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ፉል አልሆንለት ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጥረው ከሙኑን፣ ዘይቱን ወይም የነጭ ሽንኩርቱን መጠን ነው፤ እኔ ግን ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት ድስቱ ከመጣዱ በፊት፣ ባቄላው ሲገዛና ውሃው ሲቀዳ የሚፈጸም ነው። ቅመም ያልበሰለ ባቄላን አያድንም፤ በሚገባ የበሰለ ባቄላ ግን በጨውና በዘይት ብቻም ይበላል።

ገሚሱ ሙክክ ብሎ ገሚሱ እንደ ጠጠር ሲቀር

ሰዎች የሚጠሩኝ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ድስቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲንተከተክ ያድራል፤ ጠዋት ሲደፈጠጥ ግን ከፊሉ ወዲያው ሲፈርስ ከፊሉ ከማማሰያው ሥር እየሾለከ ይወጣል። ምግብ አብሳዩ እሳቱን ይጨምራል፣ ውሃ ይጨምራል፣ የበሰለው ክፍል እየሟሟ ወደ መረቅነት ይለወጣል፣ ያልበሰለው ግን እንደነበረ ይቆያል።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ ቁርስ ቤት ይህ ችግር ገጥሞት፣ ባለቤቱ ድስቱን ለውጦ፣ ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ተሻግሮ፣ በመጨረሻም ምግብ አብሳይዋን ሊያሰናብት ደርሶ ነበር። ከጆንያው በሁለት እጄ ዘግኜ ሰፌድ ላይ ስዘረጋው ግን ነገሩ ሁሉ ተገለጠ፤ ባቄላው የአንድ ዓመት ምርት አልነበረም። ግማሹ ፈዛዛና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አዲስ ባቄላ ሲሆን፣ የቀረው ጥቁር ቡናማ የሆነ የከረመ ባቄላ ነበር። አሮጌውን ከአዲሱ ደባልቆ የሚሸጥ ነጋዴ የሚያጠፋው የገዢውን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከሰሉን፣ ሌሊቱን፣ የሠራተኛዋንም ስም ጭምር ነው። ያቺ ሴት የምታውቀውን ሙያ እንዳልቻለች ተቆጥራ ነበር።

ባቄላ ሲከርም የሚጠቁረው በሽፋኑ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ከጊዜ ብዛት ስለሚለወጥ ነው። ቀለም ግን ከዝርያ ዝርያም ስለሚለያይ ብቻውን አያስተማምንም። አስተማማኙ ፈተና ከመግዛት በፊት ጥቂት ፍሬዎችን ወስዶ ለ12 ሰዓት ያህል መዘፍዘፍና አንድ በአንድ መመልከት ነው። በዚህ ፈተና ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይለያሉ፤ መድኃኒታቸውም አንድ ስላልሆነ ማምታታት አይገባም።

የመጀመሪያው ውሃ የማይጠጣ ባቄላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ እያለ ጠዋት ሲታይ ትንሽና ጠንካራ እንደሆነ ይቆያል፤ ሽፋኑ ውሃ አያስገባም። ይህን ዓይነቱን ፍሬ ከተዘፈዘፈው መካከል ለቅሞ ማውጣት ይቻላል፤ ብዙ ከሆነ ደግሞ ፍሬዎቹን ከመዘፍዘፍ በፊት በሙቀጫ በስሱ መታ መታ አድርጎ ሽፋናቸውን መሰንጠቅ ውሃ እንዲገባ ያደርጋል።

ሁለተኛውና የከፋው ውሃ ጠጥቶ የማይበስለው ነው። አብጦ፣ ያማረ መስሎ ያድራል፤ በእሳት ላይ ግን አይለሰልስም። ይህ የሚሆነው ባቄላው ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ለረጅም ጊዜ ሲከርም ነው። የባቄላን ህዋሶች እርስ በርስ አጣብቆ የሚይዘው ፔክቲን የተባለ ነገር አዲስ ባቄላ ሲፈላ ይሟሟል፤ በከረመ ባቄላ ውስጥ ግን ካልሲየምና ማግኒዚየም ከፔክቲኑ ጋር ይተሳሰሩና እንዳይሟሟ ያደርጉታል። ለዚህ ዓይነቱ ባቄላ እሳት መጨመር ከንቱ ድካም ነው።

የሚረዳው መፍትሄ ከመዘፍዘፊያው ይጀምራል። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ባቄላውን በዚያ ማሳደር የካልሲየሙን ቦታ በሶዲየም ስለሚተካ ሽፋኑን ያለሰልሳል፤ ጨው ባቄላን ያጠነክራል የሚለው የተለመደ አባባል በዚህ ላይ አይሠራም። ብርቱ ችግር ካለ ለግማሽ ኪሎ ደረቅ ባቄላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የምግብ ሶዳ (ቤኪንግ ሶዳ) በመዘፍዘፊያው ውሃ ውስጥ ይጨመርና ጠዋት ውሃው ተደፍቶ ባቄላው በደንብ ይታጠባል። ሶዳን በሾርባ ማንኪያ እየዛቁ ድስት ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ፉሉ በእርግጥ ይፈርሳል፣ ነገር ግን ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚን ቢ1 የተባለውም ይጎዳል። ይህን ያህል ሶዳ የሚፈልግ ባቄላ ለፉል የሚሆን አይደለም፤ ቆልቶ፣ ከክቶና አስፈጭቶ ለሽሮ ማዋል ይሻላል።

ባቄላው አዲስ ሆኖ ሁሉም ፍሬ እኩል አልበስል ሲል

ባቄላው ጥሩ መሆኑ ከተረጋገጠ ጥርጣሬው ወደ ውሃው ይዞራል። ድሬዳዋ ላይ አንድ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ ይዞት የሄደው ባቄላ፣ በዚያው ድስት፣ በዚያው እጅ ሲሠራ አልበስል ብሎ አስቸግሮ ነበር። ማንቆርቆሪያቸውን ከፍቼ ሳይ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተለብጧል። ከከርሰ ምድር የሚወጣው የዚያ አገር ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት፣ በከረመ ባቄላ ላይ ጊዜ የሚያደርሰውን ጉዳት በአዲስ ባቄላ ላይ ውሃው ራሱ ያደርሰዋል። መፍትሄው ውሃውን ቀድሞ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ነጩ ዝቃጭ ከታች ሲቀር ከላይ ያለውን ቀስ ብሎ መቅዳት ነው፤ የዝናብ ውሃ ባለበት ደግሞ ከሁሉም እርሱ ይሻላል። በዚያው ከተማ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ስለሚያይል ባቄላው ሳይፈላ በመዘፍዘፊያው ውስጥ ሊቦካ ይችላል፤ አረፋ ካወጣና ከሸተተ ውሃው መካከል ላይ መለወጥ ነበረበት ማለት ነው።

ከውሃው ቀጥሎ የሚመረመረው በድስቱ ውስጥ ቀድሞ የገባው ነገር ነው። ቲማቲም፣ ሎሚና ማንኛውም ጎምዛዛ ነገር ባቄላው ሙክክ ከማለቱ በፊት ከገባ መብሰሉን ያዘገየዋል። ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ሽንኩርቱንም፣ ቲማቲሙንም፣ ባቄላውንም በአንድ ላይ የሚጥዱ ሰዎች ጊዜያቸውን በእጥፍ ያጠፋሉ። ባቄላው ብቻውን ይብሰል፤ ቁሌቱ ለብቻው ይቁላላ፤ የሚገናኙትም ባቄላው በሁለት ጣት ሲጨመቅ ያለ ተቃውሞ ከፈረሰ በኋላ ይሁን።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም፤ ስለዚህ ቆላ ላይ ወይም በውጭ አገር ባሕር ዳርቻ ከተማ የተለማመዱት ሰዓት እዚህ አይበቃም። እዚህ ላይ ፕሬዠር ኩከር ትልቅ ባለውለታ ነው፤ ነገር ግን ባቄላ አረፋ ስለሚያወጣና የተላቀቀው ሽፋን የእንፋሎት መውጫውን ስለሚደፍን፣ ውሃውን ጨምሮ ከድስቱ ግማሽ በላይ ፈጽሞ አይሞላ። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም መውጫው የተለወጠ ርካሽ ድስት ለባቄላ አይሁን። እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን በኃይል መክፈት አይገባም፤ ፊትን የሚያቃጥል አደጋ ነው።

ሌሊት ማብሰልን በተመለከተ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የከሰል ምድጃ ሰው በተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይደር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ግብፃውያን ፉላቸውን አንገቱ ጠባብ በሆነ ሰፊ ዕቃ በትንሽ እሳት ሌሊቱን ያበስላሉ፤ ከጠባቡ አፍ እንፋሎት በብዛት ስለማያመልጥ ውሃው አይደርቅም። በእኛ ቤት ይህንኑ ውጤት በከባድ ክዳን፣ በዝግታ እሳትና ነቅቶ በመጠበቅ ማግኘት ይቻላል።

በመፍላት ላይ ውሃ ሲጎድል የሚጨመረው የፈላ ውሃ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውሃ መፍላቱን አቋርጦ መብሰሉን ያዘገየዋል።

ሲደፈጠጥ ሲቀጥን ወይም ሲጠጥር

ከቀጠነ ዱቄት መጨመር ስህተት ነው፤ ጥሬ ዱቄት ዱቄት ይላል። ከባቄላው ሲሶውን ያህል አውጥቶ በሙቀጫ በደንብ አድቅቆ መመለስና ክዳኑን ከፍቶ እያማሰሉ ማንተክተክ ይበቃል። ጠጥሮ ከተያያዘ ደግሞ የባቄላው የራሱ መረቅ ትኩስ እንደሆነ ይጨመርበት፤ ስለዚህ መረቁን የሚደፋ ሰው ነገ የሚያስፈልገውን ዛሬ እየጣለ ነው። ፉል ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ስታርች ስለሚጠነክር፣ ምድጃ ላይ ሳለ ከሚፈለገው ትንሽ ቀጠን ብሎ መውረድ አለበት። ሽፋኑ አፍ ውስጥ እየተሰበሰበ የሚያስቸግር ከሆነ ባቄላው ሳይበስል አልቀረም፤ ሽፋኑ ብቻ ወፍራም ነው፤ በሰፊ ወንፊት ማሳለፍ ይፈታዋል።

ሲመር፣ ሲጠቁር፣ ሲያር

ምሬቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተቃጠለ ነጭ ሽንኩርት ይመጣል፤ ሽንኩርቱ ቢጫ ሲሆን መውረድ ነበረበት፣ ቡናማ ከሆነ ግን ቁሌቱን ጥሎ እንደገና መጀመር ይሻላል። ከሙን ቀድሞ ተቆልቶና ተፈጭቶ በመጨረሻ ሲገባ መዓዛው ይቆያል፤ በጋለ ዘይት ላይ ረዥም ጊዜ ከቆየ ይመራል። መጥቆሩ በብረት ድስት የተሠራ ፉል ላይ ይታያል፤ የባቄላው ታኒን ከብረቱ ጋር ስለሚዋሃድ ነው፤ ድስቱን መለወጥ ይበቃል። ካረረ ታችኛውን ሳይፍቁ የላይኛውን ወደ ሌላ ድስት መገልበጥ እንጂ ማማሰል አይገባም፤ የማረሩ ሽታ ከተሰራጨ በኋላ ሎሚም ሚጥሚጣም አይሸፍነውም። እርጎ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመር፤ በእሳት ላይ ይቋጠራል። በጾም ቀን ቅቤ፣ እንቁላልና እርጎ ሲቀሩ የፉሉ ጣዕም የሚደገፈው በጥሩ ዘይት፣ በቃሪያና በጥሬ ቀይ ሽንኩርት ነው።

በበላው ሰው ላይ የሚታይ ምልክት

አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ይጎድለዋል፤ ለእርሱ ባቄላ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ሊያፈርስ ይችላል። ከበላ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የገረጣ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ የጠቆረበት ሰው በተለይም ሕፃን ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ማብሰልም መዘፍዘፍም ይህን አደጋ አያስወግድም። ኢንዛይሙ እንደሚጎድለው የታወቀ ሰው ባቄላን ጨርሶ አይብላ።

ሲያድር ሲኮመጥጥ

የበሰለ ፉል ክፍል ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ጠዋት የተረፈውን ለማታ የሚያቆይ ቤት ወደ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ዕቃ አዘዋውሮ በፍጥነት ያቀዝቅዘውና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገባው፤ ትልቅ ድስት ሙሉውን ሲቀመጥ መካከሉ ለረጅም ሰዓት ሞቅ እንዳለ ስለሚቆይ በመጀመሪያ የሚበላሸው እርሱ ነው። ፉሉ አረፋ ካወጣ፣ ከኮመጠጠ ወይም ሲዛቅ ከተዝለገለገ መልሶ ማፍላት አያድነውም፤ አንዳንድ ባክቴሪያ በምግቡ ውስጥ የሚተወው መርዝ ሲፈላም አይጠፋም። ሽንኩርትና ቲማቲም የተቀላቀለበት ፉል ከተደፈጠጠ ባዶ ባቄላ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚኮመጥጥ፣ ለማሳደር የሚፈለገው ሳይቀላቀል ይቀመጥና የሚበላው ያህል ብቻ ጠዋት በአዲስ ቁሌት ይሠራ።