ከኖትፓድ ፕሪንት ከማድረጋችሁ በፊት

ፕሪንተሩን ከመደብደባችሁ በፊት ፔጅ ሴታፕን እዩት፣ ግማሹ ጣጣ እዛ ነው ያለው። ኖትፓድ ላይ ፋይል ውስጥ ገብታችሁ ፔጅ ሴታፕ ስትሉ ሄደር የሚለው ቦታ ላይ የአምፐርሳንድ ምልክትና ኤፍ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ወረቀቱ አናት ላይ የፋይሉን ስም የሚያትመው እሱ ነው፣ ካልፈለጋችሁት አጥፉት። እኔ አንዴ ማመልከቻ አትሜ አናቱ ላይ «የመጨረሻው የመጨረሻ 3» የሚል ይዞ ወጥቶ ሳላይ አስገብቼዋለሁ 😅

ማክ ላይ በቴክስትኤዲት ከሆነ ፕሪንት ስትሉ በሚመጣው መስኮት ሄደርና ፉተር የምትለዋን ቲክ ማንሳት ነው። ሊኑክስ ላይ ጂኤዲት የምትጠቀሙ ደግሞ ፕሪንት መስኮቱ ውስጥ ቴክስት ኤዲተር የሚል ታብ አለ፣ የመስመር ቁጥሩም ፎንቱም እዛው ነው።

ሌላው ወረቀት ነው። የኮምፒውተሩ ሪጅን አሜሪካ ከሆነ ሳይዙ ብዙ ጊዜ ሌተር ላይ ይሆናል፣ ሌተር 216 በ279 ሚሊሜትር ነው፣ እኛ ጋ ያለው ኤፎር ግን 210 በ297፣ ስለዚህ ጎኑ ሊቆረጥባችሁ ይችላል።

አማርኛ ከሆነማ ፋይሉን እንዲሁ በፍላሽ ይዛችሁ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አትክፈቱት፣ ዊንዶውሱ ላይ በኒያላ ያሳመራችሁት ማክ ላይ ከፋ በሚባለው ፎንት ይተካና መስመሩ ሁሉ ይዘበራረቃል። ቤታችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ፕሪንተር ምረጡ ሲላችሁ ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ የሚለውን፣ ሊኑክስ ላይ ፕሪንት ቱ ፋይል፣ ማክ ላይ እዛው ፕሪንት መስኮቱ ላይ አለላችሁ።