33,550,336ን እንዴት ፈታትተን እናያለን?

33,550,336። ላዩን ሲያዩት ስልክ ቁጥር ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፤ ካልኩሌተር ካለም እሰየው።

መጀመሪያ በ2 አካፍሉት። የደረሳችሁን መልሳችሁ በ2፣ ያንንም በ2። 16,775,168፣ 8,387,584፣ 4,193,792 እያለ ይወርዳል። በ12ኛው 8,191 ላይ ትደርሳላችሁ። ይሄ ጎደሎ ነው፤ ቁሙ። ስንት ጊዜ እንዳካፈላችሁ ምልክት አድርጉ፤ አንዷ ከተዘለለች የሚቀጥለው ሁሉ ይበላሻል።

አሁን ጥያቄው 8,191 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ የሚል ነው። ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም ወይ? 91 በ91 ሲባዛ 8,281 ስለሆነ፣ አካፋይ ካለው ትንሹ ከ91 በታች መገኘት አለበት። እስከዚያ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ መሞከር ይቻላል፤ ግን አሰልቺ ነው። አቋራጭ አለ። 2ን 13 ጊዜ ጽፋችሁ ብታባዙ 8,192 ይመጣል፤ የእኛው ቁጥር ከሱ በ1 ያንሳል። 13 ራሱ ብቸኛ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሒሳብ ሊቅ ፈርማ እንደደረሰበት፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ካለው ያ አካፋይ በ13 እጥፍ፣ ማለትም በ26፣ ሲካፈል 1 መቅረት አለበት። ከ91 በታች እንዲህ የሚሆኑት 1ን ትተን 27፣ 53 እና 79 ናቸው። 27 ብቸኛ ስላልሆነ ይወድቃል። 8,191ን በ53 ስናካፍል 29 ይቀራል፣ በ79 ደግሞ 54። አለቀ! በሁለት ማካፈል ብቻ ብቸኛ መሆኑን አወቅን።

ቀጥሎ አካፋዮቹን ጻፉ። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ እስከ 4,096 ሂዱ፤ 13 ናቸው። እያንዳንዳቸውን በ8,191 ስታባዙ ሌላ 13 ታገኛላችሁ። በድምሩ 26።

ደምሯቸው። የመጀመሪያዎቹ 13 ድምር ራሱ 8,191 ነው። የሁለተኛዎቹ ደግሞ 8,191 በ8,191። ሁለቱ አንድ ላይ 67,100,672። ከዚህ ላይ ቁጥሩን ራሱን ቀንሱ። የሚተርፈው 33,550,336 ነው፤ የተነሳንበት!

ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው መልሰው ራሱን የሚሰጡ ቁጥር ፍጹም ቁጥር ይባላል። ከዚህ በፊት ያሉት 6፣ 28፣ 496 እና 8,128 ብቻ ናቸው። አሠራሩን የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከ2,000 ዓመት በፊት አረጋግጦታል። በ2 የሚካፈል ፍጹም ቁጥር ሁሉ በዚሁ መንገድ እንደሚገኝ ያሳየው ግን ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው። ጎደሎ ፍጹም ቁጥር ይኑር አይኑር እስካሁን ያረጋገጠ የለም።

ለጨዋታ ያህል፦ አሃዞቹን ደምሯቸው። 28 ይመጣል፤ እሱም ፍጹም ነው። ይሄ እንኳን አጋጣሚ ነው፣ ብዙ አትመራመሩበት። ከ1 እስከ 8,191 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ብትደምሩ ግን ይሄው ቁጥር መምጣቱ አጋጣሚ አይደለም።

ቀጣዩ ፍጹም ቁጥር 8,589,869,056 ነው። 16 ጊዜ በ2 ስታካፍሉት 131,071 ይቀራል። 2ን 17 ጊዜ አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ የሚገኘው ማለት ነው። ስለዚህ በ26 ፈንታ 34ን ያዙ። ብቸኛነቱን ለመፈተን አራት ማካፈል ብቻ ይበቃል፤ በየትኞቹ እንደሆነ እናንተ ፈልጉ።